መቀስ የቆረጠው ዓረፍተ ነገር

የሥራ ባልደረቦቹ «መቀስ» ነበር የሚሉት። ልብስ ሰፊ ሆኖ አይደለም፤ አሥር መስመር የጻፈለትን ሰው ሁለት መስመር አድርጎ ስለሚመልስለት ነው። ሥራው መመሪያ መጻፍ ነው። ፕሮግራመሮች ከየአገሩ ተጠራርተው የሚሠሩት፣ ማንም ሳይከፍል ወስዶ የሚጠቀምበት አንድ ኮድ አለ። ከአንዱ ኮምፒውተር መልእክት ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርስ በመሆኑ እርስ በርሳቸው «ፖስተኛው» ይሉታል። ፖስተኛው እንዴት እንደሚጫን፣ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሲያኮርፍ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳውን መመሪያ የሚጽፈው መቀስ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጸሐፊ ነበር። ችግሩ ራሱም ይህን ማወቁ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚጽፈውን ሁሉ በገዛ ኮምፒውተሩ ይሞክር ነበር። እያደር ግን መሞከሩ ቀረና ሠሪዎቹ «ይሠራል» ካሉት «ይሠራል» ብሎ መጻፍ ለመደ። ፖስተኛውን በእጁ ከነካው ዓመታት አልፈዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የሚስቱ ዘመዶችማ ጭራሽ። ለእነሱ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የእሱ ሙያ ነው። የአክስቷ ስልክ ድምፅ ሲያጣ እሱ ይጠራል፣ የአማቱ ቴሌቪዥን ሲጨልም እሱ ይጠራል። እሱም አንድ ቀን እንኳ «ይህን አላውቅም» ብሎ አያውቅም። ይነካካል፣ ያጠፋል፣ ያበራል፤ ዕድል ቀንቶት ሲነሳለት ምስጋናውን ይቀበላል።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳው፣ አንድ ትልቅ የደም ምርመራ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል ለሙከራ ተቀጥሮ ነበር። ምርመራ ቤቱ ውጤቶችን ለሐኪሞችና ለቅርንጫፎቹ የሚያደርስበት መንገድ ሲፈልግ፣ «ፖስተኛውን እንጠቀም፤ መመሪያውን የጻፈው የእህቴ ባል ነው» ብሎ ኃላፊዋን ያሳመናቸው እሱ ነው። መመሪያውንም እንደ ውሃ ጠጥቶታል። በቤተሰብ ጨዋታ መሃል አንዳንዴ መስመሮቹን በቃሉ ይላቸዋል፤ መቀስ ያኔ የሚያፍር መስሎ ደስ ይለዋል።

አንድ ጠዋት ዋርሳው ደወለ።

«ጋሼ፣ ፖስተኛው ቀጥ አለብኝ። ዛሬ አንድም ውጤት አልወጣም።»

«መመሪያውን አይተሃል?»

«ከላይ እስከ ታች።»

«አጥፍተህ አብርተሃል?»

«አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። ጋሼ፣ ብትመጣልኝ? ኃላፊዋ እላዬ ላይ ቆመዋል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ምን ቀረው? ዛሬ ካልተነሳ ለእኔም አበቃ።»

እዚህ ላይ አንድ ደፋር ሰው «ወንድሜ፣ እኔ እጽፋለሁ እንጂ አልሠራም፤ የሚሠራ ሰው ላፈላልግልህ» ይል ነበር። መቀስ ጃኬቱን ለበሰ።

የምርመራ ቤቱ ኮሪደር በሰው ተሞልቷል። ገሚሱ ክንዱ ላይ ጥጥ ተጭኖ ቆሟል፣ ገሚሱ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የላቦራቶሪ ሠራተኞች ውጤት በወረቀት ይዘው ፎቅ ለፎቅ ይሯሯጣሉ። የኮምፒውተሩ ክፍል ድሮ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ስለነበረ ዛሬም የወለል መጥረጊያ ይሸታል። ኃላፊዋ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። ቁጣቸውን በጨዋነት የያዙ ሴት ናቸው።

«እንኳን መጡልን» አሉት። «ባለቤቱ መጣ ሲለኝ ትንሽ ተነፈስኩ።»

ባለቤቱ። መቀስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እጁን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ አኖረ፤ እጁ ግን የት እንደሚሄድ አላወቀም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ምን ነበር? ራሱ የጻፈው ነው፤ ግን ጠፋው። ስልኩን ቀስ ብሎ ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ሥር ይዞ የገዛ መመሪያውን ማንበብ ጀመረ፣ ፈተና ላይ እንደሚኮርጅ ተማሪ። ቀና ሲል ዋርሳው አይቶታል። ዋርሳው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ በኃላፊዋና በጠረጴዛው መሃል ቆመለት።

«የታየህ ነገር የለም?» አለ መቀስ፣ ድምፁን ለመጠገን እየሞከረ።

«ያቺ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ምንም አይደለችም።»

«የቷ?»

ዋርሳው በጣቱ አሳየው። ጽሑፉ፣ ከተቀባዩ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ አልመጣም፣ መልእክቶቹ ተከማችተው ይቆያሉ ይላል። «መመሪያው ላይ አለች እኮ» አለ፤ ቀጠለና በቃሉ አለው፦ «ይህ ማስጠንቀቂያ ቢታይ ችላ ይበሉት።»

መቀስ ወደ ማያው ተጠጋ። ዓረፍተ ነገሩን ያውቀዋል፤ የሚኮራበትም ነው። ከሠሪዎቹ አንዷ፣ በድምፅ እንጂ በመልክ የማያውቃት ሴት፣ ያን ጊዜ ረጅም አድርጋ ጽፋለት ነበር። ፖስተኛው እንደተነሳ ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ ችግር የለውም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ተቀባዩ ጋ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነውና ቶሎ ይታይ፤ አለበለዚያ ያልደረሰው እየተጠራቀመ ቦታ ይሞላና ሁሉም ይቆማል ብላ። መቀስ ይህን አይቶ «ነገር ታረዝማለች» አለ። አምስት ቃል አስቀርቶ የቀረውን ጣለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከመመሪያ የወጣማ በየአገሩ ነው የሚበተነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚታይህ?»

«ከወር በላይ ይሆነዋል። መጀመሪያ ልደውልልህ ነበር፤ መመሪያውን ሳይ ጊዜ በከንቱ ላስቸግርህ አልፈለግሁም።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ። «ደርሶኛል» ላላለው ቅርንጫፍ ደወሉ፤ መልእክት የሚቀበለው ኮምፒውተር ቢሮ ሲቀይሩ ተነቅሎ ሳይሰካ መቅረቱ ታወቀ፤ ቅርንጫፉም እስከዚያ ውጤቱን ከላቦራቶሪው በስልክ ሲጠይቅ ኖሯል። ተሰካ። የተጠራቀመው መውጣት ጀመረ፣ ቦታው ተለቀቀ፣ ፖስተኛው ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ ስም መጠራት ሲጀምር እዚያ ድረስ ተሰማ። ይህን ሁሉ ያደረገው ዋርሳው ነው። መቀስ አጠገቡ ተቀምጦ «አዎ፣ እንደሱ» ይል ነበር።

ኃላፊዋ ግን የዋዛ አልነበሩም። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ ወደ ዋርሳው ዞረው። «ማስጠንቀቂያ ከወር በላይ ሲታይህ ለምን ለማንም አልተናገርክም?»

ዋርሳው አፉን ከፈተ። ከዚያ የእህቱን ባል አየው። መቀስ ቁልፎቹን ያያል፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ፊደል በትኩረት አይቶ አያውቅም። አንድ ቃል፣ «የእኔ ነው» የምትል፣ ጥርሱ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«ችላ ብዬው ነው» አለ ዋርሳው። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ኃላፊዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ መቀስ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። «እርስዎ ባይደርሱልን ምን ይውጠን ነበር?» አሉት። እሱም ጨበጣቸው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ይሄኛው ግን አለማስጣሉ ሳያንስ ተመርቆም ወጣ።

ዋርሳው እስከ በሩ ሸኘው። መቀስ መሬት መሬቱን እያየ «ለምን አልነገርካቸውም?» አለው።

«ሰው ፊት? እንዴት ብዬ ጋሼ? አንተን እኮ ያመጣሁህ እኔ ነኝ።»

መቀስ መንገዱን ሙሉ «ነገ ደውዬ እነግራቸዋለሁ» ሲል ሄደ። በነጋታው ሥራ በዛበት። ከነገ ወዲያ ደግሞ አሁን ብናገር ምን ይሉኛል አለ። ሐፍረት እንዲህ ናት፤ ባደረች ቁጥር ትከብዳለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ዋርሳው እንደማይቀጥል ተነገረው።

ሚስቱ ወንድሟን በስልክ ስትገስጸው መቀስ አጠገቧ ነበር። «ጋሼህ ሥራውን ጥሎ መጥቶ ያነሳልሃል፣ አንተ አንድ መስመር በወጉ ማንበብ ያቅትሃል? እስከ መቼ ነው እሱ ተሸክሞህ የሚዞረው?» ትለዋለች። መቀስም በደግ ሰው ድምፅ «ተዪው በቃ፣ ልጅ ነው» አለ። ይህን ማለቱን ሲያስታውስ ዛሬም ጆሮው ድረስ ይቀላል። ዝም ቢል እንኳ ይሻለው ነበር።

መመሪያውን አረመው። የሴትዮዋን ረጅም ዓረፍተ ነገር እንዳለ መለሰው። ለውጥ ሲደረግ ምክንያቱን መጻፍ የሥራው ደንብ ነውና «ጥቃቅን የአጻጻፍ ማስተካከያ» ብሎ ጻፈ። ማንም አያየውም ብሎ ነበር። ዋርሳው ግን የመመሪያውን ገጽ ይከታተል ኖሯል፤ «አየሁት ጋሼ፣ ሌላ ሰው አይቸገርም» የሚል መልእክት ላከለት። የምሩን ነበር።

ሥራ ፍለጋው ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ዋርሳው ደውሎ «አንድ የጭነት ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው፤ የሚያውቅህ ሰው ጥራ ብለውኛል። ስምህን ብሰጥ ቅር ይልሃል?» አለው። «ስጥ» አለ መቀስ፤ ሌላ ምን ይበል?

ከድርጅቱ የተደወለው እሁድ ከሰዓት ነው። ሚስቱ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ የመጋረጃ ጫፍ ትሰፋለች። ደዋዩ ትሑት ሰውዬ ነው፤ ልጁን እንዴት እንደሚያየው ጠየቀው።

«ጠንቃቃ ነው» አለ መቀስ። «የተጻፈ ነገር ሲያነብ አንድ ቃል አያልፍም።»

«ይገርማል» አለ ሰውዬው። «የቀድሞ ኃላፊው የነገሩን፣ ማስጠንቀቂያ አይቶ ችላ ይላል ብለው ነው። እንግዲህ ከእሳቸውና ከእርስዎ ማንን እንመን?»

መቀስ ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ሊገባ ብድግ አለ። ሁለት እርምጃ ሄደና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ማስጠንቀቂያውን ችላ ይበሉት ብዬ መመሪያው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሲጠየቅ እኔ እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ፤ እሱ ሊያድነኝ ጥፋቱን ወሰደ። ልጁ ያጠፋው ነገር ቢኖር እኔን ማመኑ ነው። ለኃላፊዋም ነገ ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፤ ካልደወልኩ ይጠይቁኝ።»

ሰውዬው አመስግኖ ዘጋ። የሚስቱ መርፌ ቆሟል።

«ወንድሜን የሰደብኩት አንተ እያለህ አይደለም?» አለችው።

«እያለሁ ነው።»

«ልጅ ነው ተዪው ያልከኝስ?»

እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ስልኩን ስጠኝ» አለች። ሰጣት፤ ወንድሟን ይቅርታ ስትጠይቀው ከወንበሩ ሳይነሳ እስከ መጨረሻው ሰማ።