በሶ ይዘን ፒያሳ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

ከቤት ስወጣ አባባ ተድላ ደጄ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው በሶ የሞላ የአቡጀዲ ከረጢት ይዘዋል።

«አባባ፣ አዲስ አበባ እኮ ምግብ አለ» አልኳቸው።

«ይኑራ» አሉኝና መንገዱን ጀመሩት።

የምንሄድበት ጉዳይ ይህ ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ አገር አስተማሪ ነኝ። አባባ ተድላ ደግሞ ደም የሚያደርቁ፣ የገዳይና የሟች ወገን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ግርማ የሚባል ገበሬ በግጦሽ ጠብ ጎረቤቱን ሞገስን ገደለና ወደ አዲስ አበባ ጠፋ። የሞገስ ታናሽ ወንድም «ደሜን ከግርማ ልጅ እመልሳለሁ» ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ የወንዝ ማዶ ልጆች ተኩስ ፈርተው ትምህርት ቤት አይመጡም፤ የግርማ ልጅማ ከቤትም አይወጣም። ስም እየጠራሁ ዝምታ መስማት አንገሽግሾኛል! ያንን ወንድም ጠመንጃውን ሊያስጥለው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፒያሳ ልብስ የሚሰፉት የእሱና የሞገስ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ታደሰ። አባባ ከተማ ስለማያውቁ መንገድ ልመራቸው አብሬ ተነሣሁ። መሪ መሆኔ ነው እንግዲህ!

ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ይዘናል። ኬላ ላይ ፈታሹ ከረጢቱን ከፍቶ አሸተተ።

«በሶ ነው ልጄ፣ ቅመስ» አሉት አባባ። ሳቀና አሳለፈን።

አዲስ አበባ ደርሰን ከአውቶቡስ ተራ በሰው ስሙኒ ከፍለን ሴቼንቶ የምትባል ትንሽ ታክሲ ውስጥ ተጣበቅን። ሾፌሩ ከረጢቱን አይቶ «አባባ፣ ይቺ ለብቻዋ ትከፍላለች» አለ። አራዳ ገና ሳንገባባት ትነካካናለች። ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን አክስቴ ቤት ገብተን አደርን።

ዓርብ ጠዋት፣ ዶሮ ማነቂያ

ገዳይ በደሉን ሳያምን የሟች ደጅ አይኬድም፤ ስለዚህ አስቀድመን፣ ሚስቱ ለአባባ በምስጢር በነገረቻቸው ምልክት፣ ወደ ግርማ ሄድን። የቀን ሥራ እየሠራ የሚኖርባት ክፍል አንድ ሰው ሲተኛባት እግሩ በሩን ይነካል። አባባን ሲያይ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ገድያለሁ አባባ። ካሣውንም እከፍላለሁ፣ ለሕግም እጄን እሰጣለሁ። ልጄን ብቻ አትርፉልኝ።»

ከዚያ ሻይ አፈላና ተሰልፎ ያገኘውን የቀበሌ ዳቦ ቆርሶ ሰጠን። አባባ «እኔን ተወኝ» አሉት። እኔ ግን ርቦኝ ነበር፤ ሰው ደግሞ ከአፉ ቀንሶ ሲሰጠኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። በላሁ። አባባ አዩኝና ዝም አሉ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ

በውቤ በረሃ በኩል ወጣን። ቀን ስለሆነ ቡና ቤቶቹ ገና እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ አንዲት ሴት ደጇን ውኃ ትረጫለች። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ጋሽ ታደሰ ሱቅ ደረስን። የካኪ ሱሪ እየሰፉ ነበር። የመጣንበትን ሲሰሙ እግራቸው የስፌት መኪናው ላይ ቆመ።

«እሱ ቤት እህል ቀምሳችኋል?» አሉ።

«እኔ አልቀመስኩም» አሉ አባባ።

ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። አባባ ከረጢታቸውን ለምን እንደተሸከሙት ያን ጊዜ ገባኝ፤ አስታራቂ የማንኛውንም ወገን እህል አይቀምስም። ወይኔ ጉዴ! መዋሸት ይቻል ነበር፤ ግን በውሸት የታሰረ እርቅ ነገ ሲፈታ ማን ይሞታል? ያ ልጅ ነው።

«ዳቦ በልቻለሁ» አልኩ።

«የወንድሜን ገዳይ እህል በልታችሁ ደግሞ ልታስታርቁ? ውጡልኝ!»

ውጭ አስፋልቱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ልረዳ መጥቼ አበላሸሁት። አባባ ከሱቁ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከኮዳቸው ውኃ አንጠብጥበው በሶ ጨበጡ።

«ዳቦውን ስበላ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

«ሰውዬው ፊት ከአፍሽ ልንጠቅሽ? እኔም ማስጠንቀቁን ረሳሁት። ሳታውቂ ነው የበላሽው።»

እስኪመሽ ከዚያ አልተነሡም።

ቅዳሜ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ

በጠዋት ተመልሰን ተቀመጥን። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ታደሰ ብቅ አሉ።

«አባባ፣ ሰው ምን ይለኛል? ይግቡ። እሷ ግን ትቆይ፤ እሷ የዚያ ወገን ናት።»

«እውነትህን ነው፣ ሚዛኑ ወደዚያ አዘንብሏል» አሉ አባባ ሳይነሡ። «ያንተንም አብላትና ይስተካከል።»

ጋሽ ታደሰ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው በሳቃቸው የተናደዱ መሰሉ። ሁለታችንንም አስገቡንና ከጨርቁ ሥር ዳቦ አውጥተው ሰጡኝ። ቆሜ በላሁት።

«የእሱስ ዳቦ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ያው ይኸው ነው ጋሼ፣ የቀበሌ ዳቦ ነው። ግርማ የሚኖረው ከእርስዎ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው።»

«አሥር ደቂቃ? እንግዲያው በመንገድ ተላልፈን ይሆናል።» መቀሱን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ሞገስ ሲሞት የኔም ልጅ በዚሁ ዕድሜ ነበር» አሉ። ከዚያም የጀመሩትን ሱሪ አጥፈው አኖሩ። «ደም ከልጅ አይመለስም። ለወንድሜ ራሴ እነግረዋለሁ።»

እሑድና ሰኞ፣ ወደ ቤት

ሦስት ሆነን ተመለስን። ጋሽ ታደሰ ወንድማቸውን ለብቻው ወሰዱት፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ ጩኸት ግን ነበረው። ሲወጡ ጠመንጃው በጋሽ ታደሰ እጅ ነበር። ካሣው፣ የግርማ እጅ መስጠት፣ እርቁ ራሱ ገና ይቀራል። ሰኞ ጠዋት ግን የግርማን ልጅ ስም ስጠራ «አቤት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛ ጠራሁት፤ ደግሜ መስማት አማረኝ።

ሽማግሌ መርዳት ከፊት ሆኖ መምራት መስሎኝ ነበር። ከኋላ ተከትሎ ማየት፣ ሲሳሳቱም አለመዋሸት ኖሯል።

ማታ አባባ ተድላ መጡና ያንን ከረጢት እጄ ላይ አኖሩት። ባዶ ነው።

«ምን ላድርገው አባባ?»

«በሶ ሙዪበት! ታችኛው መንደር ሌላ ደም አለ።»