የራሔልን ስሌት የዘለለችው መስመር

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ አንባቢ፣ የምነግረው ዓይንዎን ስለማላይ ይሆናል።

ካዛንቺስ አንድ ፎቅ ላይ ለክሊኒኮች ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውን ክፍል ለአዋቂዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለሕፃናት የጻፈችው የሥራ ባልደረባዬ ራሔል ናት። የእሷ ስሌት የልጁ ክብደት ካልተመዘገበ ስህተት አውጥቶ ቀጥ ይላል። ከክሊኒኩ ሲስተሙ ቆመ እያሉ ይደውላሉ፤ እኔ ደግሞ ሰልችቶኛል።

ምን አደረግሁ? ሜተድ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ትእዛዝ፣ የሚጠራው በኦብጀክቱ፣ በታካሚው መዝገብ፣ በኩል ነው፤ ታካሚው ሕፃን ከሆነ የሕፃናቱ ስሌት ራሱ ይመጣል። እኔ ግን የአዋቂዎቹን ሜተድ በቀጥታ ከክላሱ፣ ከተጻፈበት ክፍል፣ አወጣሁት። እንዲህ ሲወጣ ከማንም ጋር አልታሰረም፤ የሰጡትን ይቀበላል። የሕፃኑን መዝገብ በእጄ አቀበልኩት፤ እንደ አዋቂ አሰላለት። ስህተቱ ጠፋ፣ ስልኩም ዝም አለ። የራሔልን ስሌት እየዘለልኩ እንደሆነ አላወቅሁም? አውቄያለሁ። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ተውኩት።

የተጎዳችው የቄራ ሰፈር ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነበር። ሲበዛ ጆሮ የሚጎዳ መድኃኒት በአዋቂ መጠን ለቀናት ተወጋች፤ ነርሷ ስክሪኑን አምና ነበር። ሕይወቷ ተረፈ። መስማት ግን አቆመች።

አለቃችን ሰብስቦን የሕፃናቱን ክፍል ማን እንደጻፈው ጠየቀ። ሁሉም ወደ ራሔል ዞረ። እኔም ዞርኩ። ኮዷን ደጋግማ አየችው፤ ጥፋት አላገኘችበትም፤ ያም ሆኖ ራሷን ጠረጠረች።

«ማለቴ... የሆነ ቦታ ተሳስቼ መሆን አለበት» አለች።

እሷ ከሥራ ተሰናበተች። ስሌቷን የዘለለችውን ያቺን የኮድ መስመር እኔ ሌላ ማስተካከያ ውስጥ ደባልቄ አጠፋኋት።

በቀደም መስቀል አደባባይ ባቡር ስጠብቅ ራሔልን አገኘኋት። ኮድ መጻፍ ትታ ቡልጋሪያ ሰፈር ሱቅ ከፍታለች። ልነግራት ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ።

«ልጅቷን አንዳንዴ ቤታቸው ሄጄ አያታለሁ» አለችኝ። «በእኔ ምክንያት ነው እኮ።»

በእኔ ነው ማለት ምን ያቅታል? አቃተኝ። ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ ባቡሩ ላይ ወጣች።

እርስዎን ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ቁጥሯ ስልኬ ላይ አለ። እስካሁን አልደወልኩም።