ያልወደቀው ሞተር ሳይክል

ታላቅ ወንድሜ ሰው መምታት የጀመረው ሞተር መፍታት ከመጀመሩ በፊት ነው። በሁለቱም ጎበዝ ነበር፤ የተመሰገነው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ሰፈሩ «መዶሻ» ይለዋል፤ እኔ ታናሹ ስለሆንኩ «ጋሼ» እለዋለሁ። ጋራዣችን ውስጥ ሁለት ነን፤ እሱ ሞተሩን ይፈታል፣ እኔ ኤሌክትሪኩን እሠራለሁ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ በያጁ አለ። ሥራዬ ብየዳ ነው ይበል እንጂ ግማሽ ዕድሜው ያለቀው ወንድሜን ከሰው ላይ በማላቀቅ ነው።

ጋሼ ዝም ብሎ ያገኘውን ሞተር ሳይክል አይነካም። የእሱ ሙያ ያረጁት ትላልቅ ክሩዘሮች ናቸው፤ ሁለቱ ሲሊንደሮቻቸው እንደተከፈተ መቀስ ፊትና ኋላ የተንጋደዱት፣ ቆመው ሲንዶቀዶቁ ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጡት። የኋላው ሲሊንደር ነፋስ ስለማይደርሰው ከፊተኛው ይልቅ ይቃጠላል። ጋሼ ነዳጁን የሚለኩሰውን የኋላ ካንዴላ ፈትቶ ቀለሙን ያይና ባለቤቱ እንዴት እንደሚነዳ ይነግረዋል። አንድ ጊዜ አንዱ ደንበኛ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ዘይቱን በጊዜው ቀይሬያለሁ» አለው። ጋሼ ጥቁሩን ዘይት በጣቱ ጠቅሶ ግንባሩን ቀባው። ሰውየው ሰደበው። የሰውየውን ሁለት የፊት ጥርሶች ከዘይት መቀበያው ሳህን ውስጥ የለቀምኩት እኔ ነኝ። እኔም ግራ ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ የእሱ ነው፤ ካንዴላ ከልክ በላይ አጥብቄ ስለሰበርኩበት።

ሚስቱንም ይመታ ነበር። ይህን ስናገር አፌን ይመረኛል፣ ግን ይመታት ነበር። አንዲት ልጃቸውን በዳሩ በሳምንቱ ሚስቱ ልብሷን ሰብስባ ሄደች፤ በዚያው ቀረች።

ልጁ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ጊዜ ሕፃኗን እቅፉ ውስጥ አስቀመጠችና «አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ላይ እጅህን ካነሳህ ይህችን ልጅ አታያትም። ማንም ይሁን ማን» አለችው። ጋሼ ማለ። ሦስት ዓመት ሙሉም ቃሉን ጠበቀ። ደሙ ሲፈላ ወደ ጓሮ ይወጣና ባዶ የዘይት በርሜል በመዶሻ ይቀጠቅጣል። በያጁ ድምፁን ሲሰማ «ዛሬ የመጣው ደንበኛ ባለጌ ነው ማለት ነው» ይላል። እንዲህ እንዲህ ሲል ሦስት በርሜል ጨረሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃኗ ስትመጣ ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው መዶሻ በአራት እግሩ ተንበርክኮ ሞተር ሳይክል ይሆንላታል፤ ጆሮዎቹን እንደ መሪ ይዛ ታዞረዋለች። ለዚያች ልጅ ሲል ስንት ስድብ ዋጠ። አንዴ እንዲያውም ምራቅ ተተፍቶበት በእጅጌው ጠርጎ ዝም አለ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አማቹ፣ የልጁ ባል፣ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ መጣ። ጥቁር ክሩዘር ነው፤ ኒኬሉ መልክ ያሳያል። ለሠርጋቸው ጋሼ ራሱ ከቁርጥራጭ ገጣጥሞ የሰጣቸው ነው።

«ትናንት ወደቅን አባባ» አለ። «በግራ በኩል። እኔ ደህና ነኝ፤ እሷ ግን ከኋላ ነበረችና ግራ እጇ ተሰበረ፣ ፊቷም ትንሽ ተጎድቷል። ሐኪም ጀሶ አድርጎላታል። አሁን ተኝታለች፣ ባይቀሰቅሷት ይሻላል።»

መፍቻው ከጋሼ እጅ ወደቀ። ሊሄድ ተነሳ፤ አማቹ መድኃኒት ወስዳ እንደተኛች ደጋግሞ ነገረው። ጋሼ ሲጨንቀው መቀመጥ አይሆንለትም። ሞተር ሳይክሉን ማቆሚያው ላይ አቆመና መመርመር ጀመረ። እኔ መብራት ያዝኩለት።

በግራ በኩል የሞተሩ ክዳን ላይ ስድስት ሰባት ጭረት አለ። ጋሼ ጣቱን አስኬደበት። ከዚያ በመሪው ግራ በኩል ያለውን የፍሪሲዮን እጀታ ጫፍ ዳሰሰ፤ ድብልብሉ ጫፍ እንደ ዕንቁላል ልሙጥ ነው። የእግር ማሳረፊያውን አየ፤ ላስቲኩ ላይ ከአቧራ በቀር ምንም የለም። ጎንበስ ብሎ ክዳኑን እንደገና አየው። ጭረቱ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነው፤ ውስጡም ደቃቅ ብናኝ ተቀምጧል። ጣቱን ልሶ ብናኙን አነሳና ወደ መብራቱ አስጠጋው። የሞረድ ብናኝ ነበር።

ሞተር ሳይክል የሚፈታ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሦስት መቶ ኪሎ ብረት ሲወድቅ ቀድመው መሬት የሚነኩት የእጀታው ጫፍና የእግር ማሳረፊያው ናቸው። አስፋልት ደግሞ የሚቧጭረው ከፊት ወደ ኋላ ነው። አማቹ ግን በሕይወቱ አንድ ብሎን ፈትቶ አያውቅም።

«ይህ አልወደቀም» አለ ጋሼ፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ።

«ወድቋል እንጂ አባባ። ጭረቱን እያዩት።»

«በሞረድ ነው የቧጨርከው። ልጄን ምን አደረግሃት?»

አማቹ ሳቅ አለ። ወደ እኔ ዞረ፤ ሳልስቅለት ስቀር ወደ ጋሼ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «አባባ፣ እርስዎም ያውቁታል እኮ። ቤት ውስጥ አንዳንዴ ያጋጥማል። እርስዎ ካልተረዱኝ ማን ይረዳኛል?»

ጋሼ ወደ ጓሮው በር ተመለከተ። ሁለት እርምጃም ሄደ። ስለ ሕፃኗ እያሰበ እንደሆነ ገብቶኛል፤ በልቤ «ሂድ፣ በርሜሉን ቀጥቅጠው» እያልኩ እለምነው ነበር። ከዚያ ተመለሰ።

የመጀመሪያው ቡጢ ያረፈው አማቹ አፍንጫ ላይ ነው፤ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው በትልቁ መፍቻ ነበር፣ ትከሻው ላይ። አማቹ እየጮኸ ወደ ውጭ ሊሮጥ ሲል የቆርቆሮውን በር የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ጋሼ በጸጉሩ ጎትቶ ከሞተር ሳይክሉ ጋር አላተመው። ሞተር ሳይክሉ ከማቆሚያው ለቀቀና ሰውየው ከሥሩ ሆኖ በግራ በኩል ወደቀ። የብረቱና የእግሩ አጥንት ድምፅ አንድ ላይ ተሰማ። የእጀታው ጫፍ ተሰብሮ ተፈናጠረና ደረቴን መታኝ። ጋሼ ግን አልበቃውም። አማቹን በማጅራቱ ይዞ ፊቱን ወደ ተጣመመው የእግር ማሳረፊያ አስጠጋው።

«እየው። ሲወድቅ እንዲህ ነው የሚሆነው። እንዲህ። እንዲህ።»

በእያንዳንዱ «እንዲህ» አንድ ቡጢ ይከተል ነበር። በያጁ በሩን ገንጥሎ ባይገባ ኖሮ ያ ሰው ዛሬ በሕይወት አይኖርም ነበር። ወገቡን አቅፎ ሲያነሳው እንኳ ጋሼ በእግሩ ይራገጥ ነበር።

በያጁ ቁስለኛውን ወደ ሐኪም ወሰደው። እኛ ወደ ወንድሜ ልጅ ቤት ሄድን።

በሩን እሷው ከፈተች። ግራ እጇ ጀሶ ውስጥ ነው፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። ሕፃኗ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛለች። የወንድሜ ልጅ የአባቷን ፊት አላየችም፤ ያየችው እጆቹን ነው። ሸሚዙ እስከ ክርኑ ድረስ ደም ነበር።

«ከእንግዲህ አይነካሽም» አላት።

«ገደልከው?»

«አልሞተም።»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር አባዬ።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«እሱም ከመታኝ በኋላ እንዲሁ ነው የሚለው።» አላለቀሰችም። ከኋላዋ ሁለት ሻንጣ ተዘጋጅቶ ቆሟል። «ከቤት እስኪወጣልኝ ነበር የምጠብቀው፤ አንተ ባትመጣም እሄድ ነበር። እናቴ ጋ ነው የምሄደው። እዚያ እንዳትመጣ።»

ሕፃኗ ወደ ጋሼ እጇን ዘረጋች። እናቷ በደህና እጇ ወደ ራሷ ሳበቻት። ጋሼ ሊያቅፋት የዘረጋውን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ከዚያ የወንድሜ ልጅ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተም እንዳትመጣ አጎቴ። እናቴ ከደረጃ ወደቅኩ ስትልህ አጠገቧ ምሳ እየበላህ ነበር። ‹አይዞሽ እትዬ፣ ተጠንቀቂ› አልካት። ቤታችን ደረጃ አልነበረውም።»

በሩ ተዘጋ።

ብዙ መንገድ ሄድን። ሰው ደሙን እያየ ከእግረኛ መንገዱ ወርዶ ያሳልፈን ነበር። ጋሼ ድንገት ቆመ።

«እናቷን ስመታት ታውቅ ነበር?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልመታኸኝም? ዛሬ እኔ እሱን እንደመታሁት?»

የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ታላቄ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ እያልኩ ስንት ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ያንን ሁሉ ልደረድርለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ፈርቼህ ነበር» አልኩት።

ጋሼ ፊቱን አዞረ። መንገዱን ሲቀጥል ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኩት።