ጠዋት ጠዋት የሚደውለው ልጅ

ጀይሉ የከሚሴ ስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበር። ጠዋት ጠዋት የሰንበቴ ከተማን መስመር ሲፈትሽ በመሞከሪያው ኮምፒውተር የእትዬ ሰዓዲያን ቁጥር ይደውላል፤ ሲያነሱት «ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ ይመጣለታል፣ «ሃሎ» ሳይሉ ይዘጋዋል። ሌላው ሰው እስኪያነሳ ጀምበር ትጠልቃለች፣ እሳቸው ግን ቶሎ ያነሳሉ።

አንድ ቀን ስልኬ ይቋረጣል ብለው አስጠሩት።

«ጅዳ ያለው ልጄ ነው የሚደውለው» አሉት። «ድምፁን ባልሰማም ደህንነቱን አውቃለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።» እጃቸውን ዘርግተው ለልጃቸው ዱዓ አደረጉ።

ጀይሉ አቀርቅሮ «አሚን» አለ። እውነቱን አውጥቶ ለመናገር አፈረ።

በማግስቱ ሌላ ቁጥር ደወለ። ረፋዱ ላይ እትዬ ሰዓዲያ እያለቀሱ ከጣቢያው በር ደረሱ።

«ልጄ ዛሬ አልደወለም!»