የኮሌታው ጥቁር ክር

ልጄ ትንንሽ ወታደሮች ይሠራል። ቁመታቸው ከስንዝር አይበልጥም። አጥንታቸው ሽቦ ነው፤ ሥጋቸው አናጢ የእንጨት ስንጥቅ የሚደፍንበት ስቱኮ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ መምህር ነው። ትምህርት ሲዘጋ ጠረጴዛው ላይ ያጎነብስና አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ አድርጎ የቀድሞውን ሠራዊት ልብስ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። ሚስት አግባ ስለው "እነዚህን ላልብሳቸውና" ይለኛል። ተመስገን፣ በመጠጥ አልተያዘብኝም።

በልብስ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም። አንድ ቀን ሠርቶ የጨረሰውን ወታደር በምላጭ ሲፍቀው ደረስሁ።

"ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋ?"

"ኪሱ ላይ ቁልፍ ጨምሬበታለሁ፣ እማየ። በዚያ ዘመን አንድ ብቻ ነበር።"

"ማን ሊያየው?"

"እኔ አየዋለሁ። ውሸት አልቀባም።"

ይህን ቃሉን ወደድሁለት። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁለት።

አባቱ ወታደር ነበር። ወደ ሰሜን ሲዘምት ገና ሙሽሮች ነበርን። በዚያን ጊዜ ማተብ በአንገት አስሮ መታየትን አለቆች አይወዱም ይባል ነበር። ስለዚህ ማተቡን ፈታሁና በጃኬቱ ኮሌታ ውስጥ በግራ በኩል ከትቼ ሰፋሁበት። አረንጓዴ ክር አልነበረኝም፤ በጥቁር ሰፋሁት። ሰባት ጊዜ መርፌ አመላለስሁበት። ለማርያምም ተሳልሁ። "ከነማተቡ ከመለስሽልኝ በየዓመቱ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ጧፍ ይዤ ደጅሽ እመጣለሁ" አልኋት።

መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ። በእኛ አገር በማንኩሳ መርዶ የሰማ ቤት ብዙ ነው። የእኔ ግን መጣ። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ጃኬቱን ለብሶ በእግሩ መጣ። ሮጬ ተጠመጠምሁበት፤ ኮሌታውንም ሳምሁት። ዓይኔ እንባ ሞልቶት ስለነበር ክር አላየሁም።

"አለ?" አልሁት።

"አለ" አለኝ።

በዚያው ቀን ጃኬቱን አወለቀና በነጠላ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ቁልፉን እሱ ያዘ። በዓመት አንድ ጊዜ ራሱ አውጥቶ ያናፍሰዋል። ልጠበው ስል "የስለት ነገር አይነካካም፣ ተይው" ይለኛል። እውነት ነው አልሁ። በእኛ ቤት ስለት የተሳሉበትን ነገር አይፈቱትም። ከነጠላው በላይ ተሳልሜ እመልስለታለሁ።

እንዲህ ሆነን ልጆች ወልደን አሳደግን። ኅዳር ሃያ አንድ ሲመጣ ነፍሰ ጡር ሆኜም፣ ታምሜም ከመሄድ አልቀረሁም። እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል። "ምነው አትገባም?" ስለው "እግሬን" ይላል። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ የመጣ ሰው ነው ብዬ አዘንሁለት።

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሲሆነው ልጄ መጣ። ወታደሮቹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለሕዝብ ሊታዩ ነው አለኝ።

"አባየንም ልሠራው ነው። ጃኬቱን አሳይኝ።"

የሣጥኑን ቁልፍ ሰጠሁት። "ኮሌታውን እንዳትፈታ። ግን ጥቁሩን ክር ቀባልኝ፤ ሰባት ነው" አልሁት። ቁልፉን ተቀብሎ ፊቱን ወደ ሣጥኑ መለሰ። ሐዘኑ ተቀስቅሶበት ነው ብዬ ተውሁት።

በሚታዩበት ቀን ነጭ ልብሴን ለብሼ ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። አዳራሹ ሞልቷል። የቀድሞ ወታደሮች ጠረጴዛውን ከበው ስለ ውኃ ኮዳ ይከራከራሉ።

"እኛ ኮዳ በቀኝ አልታጠቅንም! በግራ ነው!" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

"እርስዎማ ሲሸሹ ዞረው ስለነበር ነው ቀኙ ግራ የመሰለዎ" አሉ ሌላው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀም፤ ማስታወሻውን አውጥቶ "በየትኛው ክፍለ ጦር ነበሩ?" እያለ ይጠይቃቸዋል።

ባለቤቴ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆሟል። የከስክስ ጫማው ተረከዝ ተበልቷል። አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፤ በሕይወቱም እንዲሁ ነበር። ልጄን የሰጠኝን አምላክ አመሰገንሁ። አጉሊ መነጽሩን ተቀብዬ ኮሌታውን አየሁ። ምንም የለበትም።

"ክሩስ?"

"እቤት እንነጋገር፣ እማየ።"

"ክሩስ? አልሁህ።"

"ጃኬቱ ላይ የለም።"

ወደ ውጭ ወጣን፤ ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። እጁ ቀለም በቀለም ሆኗል። እጁን እያየ ነገረኝ።

"ጃኬቱ የአባየ አይደለም። የራሱን መንገድ ላይ ለአንድ ገበሬ ሰጠው፤ ወታደር መሆኑ እንዳይታወቅበት። እነሱም አሮጌ ጋቢ አለበሱት፤ ለስንቅም ቆሎ ሰጡት።"

"ማተቤስ?"

"ከኮሌታው ውስጥ ነበር።"

"ሳይፈታው?"

"ረስቼው ነበር አለኝ።"

ይህን ብሎ የጣቱን ቀለም በጥፍሩ ፋቀ። እኔ አላለቀስሁም።

"ቡሬ ሲደርስ ነው ትዝ ያለው" አለ። "ከሌላ ተመላሽ ወታደር ጃኬት በእጅ ሰዓቱ ለወጠ። 'እናትህ ገና ከደጅ የምታየው ኮሌታዬን ነው' አለኝ።"

ከቡሬ ማንኩሳ ሩቅ አይደለም። ያችን "አለ" ያሰናዳት በዚያ መንገድ ላይ ነው።

"መቼ ነገረህ?"

"ታሞ ሳለ። ወደፊት እሠራዋለሁ ብዬ ስለ ልብሱ እጠይቀው ነበር። 'ያ ጃኬት የሌላ ሰው ነው፣ እንዳትሳሳት' አለኝ። ለእናትህ አትንገራት ብሎም አስማለኝ።"

ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ተናገርሁ።

"ለስቱኮ ወታደር ቁልፍ አትዋሽም። ለእኔ ሲሆን ዝም አልህ። አባትህም ለአሻንጉሊቱ ልብስ እውነቱን አወጣ። ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ለእኔ ያጣውን ቃል ለአሻንጉሊት አገኘው።"

"እውነትሽን ነው፣ እማየ።"

"ታዲያ ጃኬቱ የእሱ ካልሆነ ለምን አለበስኸው?"

"የገባበትን ቀን ነው የሠራሁት፤ ያን ቀን የለበሰው ይህን ነው። ክሩን ብቀባው ውሸት ነው። ብተወው አንቺ ታዪዋለሽ። ሳምንት ሙሉ ብሩሹን ጥቁር ቀለም ነክሬ ተቀመጥሁ። እጄ እምቢ አለኝ።"

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ግን ከሁለቱ ሊዋሸኝ ያልቻለው እሱ ነው።

ማንኩሳ ተመልሼ ሣጥኑን ከፈትሁ። ጃኬቱን ከነጠላው ፈትቼ ኮሌታውን በጣቴ ዳሰስሁት። ስስ ነው፤ ውስጡ ምንም የለም። ያን ሁሉ ዓመት የተሳለምሁት የማላውቀውን ሰው ላብ ነው። ያ ሰው በሰላም ቤቱ ገብቶ እንደሆነም አላውቅም። ጃኬቱን አጥቤ አሰጣሁት። ሲደርቅ ለልጄ ሰጠሁት፤ ለሥራው ይጠቅመዋል።

"ሌላ ሥራልኝ" አልሁት። "ከቡሬ በፊት ያለውን። ጋቢ ለብሶ፣ ቆሎ ይዞ፣ ረስቶኝ የሚሄደውን።"

"ጋቢው ምን ዓይነት ጥለት እንደነበረው አልነገረኝም" አለ ልጄ። ያልተነገረውን አይቀባም።

"እንግዲያ ያለ ጥለት አድርገው።"

ኅዳር ሃያ አንድ ደረሰ። ከነማተቡ ብዬ ነበር የተሳልሁት፤ ያለ ማተቡ ነው የመጣው። ስለቴ ደርሷል ወይስ አልደረሰም፣ እኔ አላውቅም፤ ማርያም ታውቃለች። ብቻ ሰውየው መጥቷል፤ ልጆችም ተወልደዋል። ጧፌን ይዤ ሄድሁ። ዋርካውን ሳልፍ ዓይኔን መለስሁ። ከቅድስቱ በር ቆሜ፣ ስማቸውን ለማላውቃቸው ለዚያ ገበሬና ለቤተ ሰቡ ጸለይሁ። ማተቤ ከእነሱ ጋር ቀርቷል፤ ተርቦ ሳለ ቆሎ የሰጡት እነሱ ናቸው። ቤታቸውን ይባርክ።

ለባለቤቴ ግን ገና አልቻልሁም። ጋቢ የለበሰው ከመስኮቴ ደፍ ላይ ቆሟል። ልጄ ሲመጣ ፊቱን ወደ ቤት ያዞረዋል። እሱ ሲሄድ እኔ ወደ መንገዱ እመልሰዋለሁ።