ወደ ግራ የሚያዘነብለው ጃንጥላ

በናጋሳኪ መከር መግባቱን የሚያበስረው ቅጠል አይደለም፤ ዋሽንት ነው። ሙቀቱ ገና ሳይበርድ ከኮረብታው ወዲያ ካሉ መንደሮች የሚመጡት ዋሽንተኞች በየጠባቡ መንገድ ይለማመዳሉ። ቀጥሎ ባለተራዎቹ ሰፈሮች የሱቃቸውን የእንጨት ፍርግርግ ነቅለው የጭፈራ ልብሱን፣ ከበሮውንና ዘመድ የላከውን ስጦታ ለአላፊ አግዳሚው ይደረድራሉ። በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሥዕል ዐውደ ርእይ ይከፈታል፤ ወደቡ ዳር ሙዚቃ ይመታል። ሰው ግን እነዚያን የሚያያቸው መንገድ ላይ ስላገኛቸው ነው። አስቦ የሚወጣው ለተራው ነው።

ተራ የምለው እንዲህ ነው። አንድ ሰፈር በከተማው መቅደስ ፊት የሚጨፍረው በሰባት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሰው ዕድሜ በዓመት ሳይሆን በተራ ይለካል። «እሷ እኮ የባለፈው ተራ ሙሽራ ናት» ይባላል። አስተውሎ ላሰበው ያስፈራል። ሰው ጉልበቱ ሙሉ ሆኖ የሚያገኘው ተራ ቢበዛ ሁለት ነው። አንዱ ካመለጠ የሕይወቱ እኩሌታ አመለጠ ማለት ነው።

ጎረቤቴ ቶኩጂ ኢዋናጋ ዓሣ ወቅጦ፣ አድቦልቡሎ፣ በዘይት እየጠበሰ ይሸጣል። ከሩቅ ሲያዩት በር የሚዘጋ ትከሻ አለው። አባቱ ካንጂም ያንኑ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል፤ የሰፈሩ ሰው የሚያነሣቸው ግን በዓሣው አልነበረም። ካንጂ ሁለት ተራ ሙሉ የሰፈሩን ጃንጥላ ተሸክመዋል።

ይህ ጃንጥላ ከጭፈራው ፊት ፊት የሚሄድ ነው። አናቱ ላይ የሰፈሩ ምልክት ይቆማል፤ ከክፈፉ ዙሪያ ባለጥልፍ መጋረጃ ይወርዳል። ክብደቱ ሁለት ጎልማሳ ያህላል፤ የሚሸከመው ግን አንድ ሰው ነው። ተሸካሚው መጋረጃው ውስጥ ስለሆነ ከእግሮቹ በቀር አይታይም። መቅደሱ ፊት ሲደርስ ይሽከረከራል፤ መጋረጃው እንደ ቀሚስ ተነፍቶ ይዘረጋል፤ በድንጋዩ ደረጃ ላይ የተቀመጠው ሕዝብም «ሰፋ አድርገህ ዙር!» እያለ ይጮኻል። ሌሎች ሰፈሮች ተሸካሚ ከገጠር ይቀጥራሉ። የእኛ ሰፈር ግን የራሱን ጃንጥላ በራሱ ሰው ትከሻ ነው የሚያወጣው።

ካንጂ ለልጃቸው የልምምድ ግንድ ጠርበውለት ነበር። ጫፉ ላይ የአሸዋ ከረጢት ታስሮበት፣ ቶኩጂ ዘይቱ ከመጣዱ በፊት በየማለዳው በሱቁ ጓሮ እሱን ተሸክሞ ይዞራል። ጸጉር አስተካካዩ ሺገሩ ታውራም ተጠባባቂ ስለነበር አብሮት ይለማመድ ነበር። ሺገሩ ቀጭን ነው። «ሺገሩ ጃንጥላውን አይሸከምም፤ ጃንጥላው ነው ሺገሩን የሚሸከመው» እያሉ ይቀልዱበታል። በዚያ ላይ በልጅነቱ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ስለነበር ሲዞር ወደ ግራ ያዘነብላል። ካንጂ ጓሮው ዳር ተቀምጠው ይጮኹበታል።

«አንተ ሺገሩ! መርከብ ነው እንዴ የያዝከው? ቀጥ በል!»

«ጋሼ ካንጂ፣ እኔ ቀጥ ብያለሁ፤ ጓሮዎት ነው የተጣመመው።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ያዞራሉ።

የቶኩጂ ተራ በደረሰበት ዓመት፣ በዓሉ አንድ ወር ሲቀረው ካንጂ ሱቁ ውስጥ ወደቁ። ሐኪሙ ቶኩጂን ለብቻው ጠርቶ ወሩን የሚሻገሩ አይመስለኝም አለው። እዚህ ላይ የሐዘን ሕጋችን መጣ። ሬሳ የወጣበት ቤት ሰው ጃንጥላውን አይነካም፤ በመቅደሱም በር አያልፍም። ተሸካሚው በዋዜማው ሐዘንተኛ ቢሆን፣ ተጠባባቂውም በትልቁ ጃንጥላ ሳይለማመድ ቢገባ፣ የሰፈሩ የሰባት ዓመት ድካም ሜዳ ላይ ይወድቃል።

በማግስቱ የሰፈሩ አለቃ ሆሪኡቺ እነቶኩጂ ቤት መጥተው ሻይ ጠጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ዘንድሮ ዓሣው ከሲታ ነው አሉ። ስለ ጃንጥላው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ይህን የመሰለ ዝምታ ከትእዛዝ ይብሳል፤ የታዘዘ ሰው እንቢ ሊል ይችላል፣ ያልተጠየቀ ሰው ግን ምን ብሎ እንቢ ይላል? አለቃው ጫማቸውን ሲያጠልቁ ቶኩጂ ራሱ ከኋላ ተከትሎ፣ ሺገሩ ይሸከም አላቸው። እሳቸውም እንዳልጠበቀ ሰው አንገታቸውን ደፍተው አመሰገኑት።

ሚስቱ ሚዮኮ ይህን ስትሰማ ዕቃ ማጠቧን ትታ ቆመች። ኋላ ለእኔ እንደነገረችኝ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦

«በሕይወት ላለ ሰው ሐዘን ተቀመጥክ።»

ለአባቱ አልነገሯቸውም። እንዴት ይነገራል? ጃንጥላውን ለቀቅሁ ማለት፣ አባባ እርስዎን ከሙታን ቆጥሬዎታለሁ ማለት ነው።

ካንጂ ግን አልሞቱም። በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሾርባ ጠየቁ፤ ቀጥሎ ሩዝ ጠየቁ። ሐኪሙ ሲገረም፣ አንተ ልጅ ነህ፣ ስለ ቸኮልክ አልፈርድብህም አሉት። ከመሞት መሰንበት ይባል የለ? ሕጋችን ለሞት ሁሉ መላ አለው፤ ለመትረፍ ግን ማንም መላ አላበጀለትም። ሺገሩ በትልቁ ጃንጥላ መለማመድ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ስሙም ለመቅደሱ ተነግሯል። ወደ ኋላ መመለሻ አልነበረም።

በበዓሉ ጠዋት ካንጂ ውሰዱኝ አሉ። ሚዮኮና እኔ በወንበር አድርገን ከደረጃው ታችኛው መደዳ አስቀመጥናቸው። ቶኩጂ የት ነው ሲሉ ሚዮኮ ወደ ጃንጥላው አመለከተች። ጃንጥላው ወጣ፤ ዞረ። ካንጂ ድምፅ ባይኖራቸውም «ሰፋ አድርገህ!» አሉ፤ እንባቸውም ወረደ። በኋላ እንዳወቅሁት ቶኩጂ ከመቅደሱ በር ወዲያ፣ ከብርቱካን ሻጮቹ ድንኳን ጀርባ ቆሞ የአባቱን ፊት ብቻ ይመለከት ነበር።

አመሻሽ ላይ ቶኩጂ በጓሮው ቧንቧ ጸጉሩንና የራስ ማሰሪያውን አርሶ ላብ ያጠመቀው መስሎ ገባ። አባቱ ጠርተው አስቀመጡት፤ እንደ ልማዱ ትከሻውን በቅባት አሹለት። ቆዳው እንደ ሕፃን ቆዳ ለስላሳ ነበር።

«ደኅና አድርገህ ነው የተሸከምከው» አሉት። «ያልቻለ ሰው ይላጣል።»

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት በምስጋና ተሞላ፤ ቶኩጂም በዚያ ምስጋና ታፍኖ ኖረ። ደንበኛ ሲመጣ ካንጂ ልጃቸው እንዴት እንደ ዞረ ያወሩለታል። የሰፈሩም ሰው ነገሩን ያውቃልና ዓሣውን ተቀብሎ ውልቅ ይላል። እስቲ ግንዷን ተሸክመህ ዙርልኝ፣ ልይህ ይሉታል ካንጂ አንዳንዴ። እሱ ትከሻዬን አሞኛል ይላል፤ ዘይቱ ይቃጠላል ይላል። ቶኩጂ ሲዞር እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነው፤ አባቱ ያንን ካዩ በዓሉ ላይ የዞረው እሱ እንዳልነበረ ይገባቸዋል ብሎ ፈራ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሽማግሌው ፍል ውኃ በሄዱበት ግንዷን በመጋዝ ቆርጦ የዓሣ መጭመቂያውን ጨርቅ መስቀያ አደረጋት። ሲመለሱ አይተዋት እርጥብ ፎጣቸውን ሰቀሉባት።

ተራው እንደገና ዞሮ መጣ። ቶኩጂ አሁንም ይችል ነበር፤ ሰፈሩም እሱኑ መርጦ ነበር። ካንጂ፣ ዘንድሮም እዚያችው ደረጃ ላይ ነኝ ይሉ ነበር። በዓሉ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን ያው በሽታ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ቶኩጂ ጃንጥላውን አልለቀቀም። አለቃው ሻይ ሊጠጡ ቢመጡም እሱ ስለ ዝናብ አውርቶ ሸኛቸው።

ካንጂ ግን ለመሄድ ቸኮሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሚዮኮ ሱቅ ውስጥ ሳለች፣ ቶኩጂን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ያን ጊዜ» አሉ፣ «ጃንጥላው ወደ ግራ ያዘነብል ነበር።»

ቶኩጂ የሽማግሌውን ትራስ አቃና።

«ሺገሩ ደኅና ዞረ። እንዲያውም ከጠበቅሁት በላይ። ግን ያዘነብላል።»

«አባባ፣ ካወቁ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?» አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እኔማ ምን እላለሁ? በጊዜዬ አለመሞቴ ልጄን አስቀረው ልበል? አፍሬ ነዋ።»

ሁለቱም አንዱ ሌላውን ላለማሳፈር ሲሉ ሰባት ዓመት ሙሉ ውሸቱን በየቀኑ እየገላበጡ አብረው ጠብሰውታል።

«አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ» አሉ ካንጂ። «ግንዷን ተሸክመህ ጓሮው ውስጥ አንዴ ዙርልኝ። ከዚህ ሆኜ በመስኮቱ አይሃለሁ።»

«ተቆርጣለች፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። አጭርም ብትሆን።»

ቶኩጂ ወጣ። የግንዷ አንዱ ግማሽ ጨርቅ እንደ ተሰቀለበት በግድግዳው ላይ ተቸንክሯል፤ ሌላው ግማሽ ለምድጃ ሄዷል። ጨርቁን አውርዶ ሚስማሩን ሲነቅል፣ የአሸዋ ከረጢት ሲፈልግ፣ ጊዜ ሄደ። ቁራጯን ትከሻው ላይ አድርጎ ከመስኮቱ ፊት ሲቆም ሽማግሌው ዓይናቸውን ከድነዋል። እንቅልፍ መስሎት እንዳይቀሰቅሳቸው በዝግታ ዞረ፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ። ሚዮኮ ከሱቁ ስትገባ ነው እጃቸውን ይዛ የጮኸችው። አይተውት ይሁን ሳያዩት ማንም አያውቅም፤ ቶኩጂም እስከ ዛሬ ይህንን ያሰላስላል።

በዚያ ዓመት በዓል ሐዘንተኛ ነበርና ሱቁን ዘግቶ ዋሽንቱ በደጁ ሲያልፍ ከውስጥ ሰማ። የተሸከመው ሺገሩ ነበር።

ዘንድሮ ሦስተኛው ተራ ደረሰ። ቶኩጂ ጉልበቱን ያመዋል፤ ዕድሜውም አልፏል። አባቱ የተቀመጡባት ታችኛዋ መደዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሚዮኮ በጨርቅ የጠቀለለችውን ቀይ ባቄላ የገባበት ሩዝ ይዘናል። የተሸከመው የሺገሩ ልጅ ነበር፤ ደንዳና፣ ባለ ሙሉ ቁርጭምጭሚት ጎልማሳ። ጃንጥላው ወጣ፤ መጋረጃው ተነፋ፤ ሕዝቡ «ሰፋ አድርገህ ዙር!» አለ። ጃንጥላውም ወደ ግራ እንዳዘነበለ ዞረ። ልጁ እግሩ ደኅና ቢሆንም መዞርን የተማረው ከአባቱ ነውና።

ከኋላችን አንድ ሰው እንግዳ ይዞ መጥቶ ኖሮ ያስረዳዋል። «አየህ ወደ ግራ ዘንበል ስትል? የዚህ ሰፈር አዟዟር ይህ ነው። ከጥንት የመጣ ነው።»

ዞሬ ላርመው አሰብኩ። ቶኩጂ ጉልበቴን ነካ አድርጎ ከለከለኝ። ጃንጥላው ሌላ ዙር እስኪዞር ጠበቀ፤ አልጮኸም፤ ዓይኑንም ከተሸካሚው እግሮች ላይ አላነሣም።

«አባባ ቢያዩ» አለ፣ «ቀጥ በል ብለው ይጮኹበት ነበር።»

ከዚያ ደረጃውን ተደግፎ ተነሣ። ሕዝቡ ሲበተን ርቦት ይመጣል፣ ዘይቱን ልጣድ ብሎ ሩዙን ለእኔ ትቶልኝ ወረደ።