ለጋሽ ኃይሉ የመረጥኩት ባሩድ

ለሚኒያፖሊስና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በታላቅ ሐዘን አሳውቃለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ከባሩድ መራጭነት ኃላፊነቴ በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ።

ጋሽ ኃይሉ እዚሁ ሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ ሮቢንስዴል ከተማ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሽጉጥ ኢላማ መምታት ይወዳሉ፤ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስበው፣ አዲስ ባሩድና እርሳስ እየጨመሩ ጥይቱን ራሳቸው ይሞላሉ። የእጃቸው አንጓ ስለሚያማቸው "ለስለስ ያለ፣ እጅ የማይመታ ባሩድ አምጣልኝ" ብለው ላኩኝ።

የመሣሪያ መደብሩ ሻጭ ለስላሳውን አወጣልኝ። እኔ ግን አፈርኩ። ለታላቅ ሰው ደካማ ነገር ይገዛል እንዴ? ለትልልቅ ሽጉጦች የሚሆነውን ኃይለኛውን ገዛሁ። (እኛ ቤት አክብሮት የሚለካው በበርበሬው ነው።)

"ያልኩህ ይሄ ነው?" አሉኝ።

"ከሱም ይበልጣል ጋሼ!"

አመኑኝ። የጥይት አሞላል መጽሐፋቸውን አይተው፣ መጠኑን ጠብቀው ሞሉት።

ዛሬ ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቁት የነበረው ውድድር ነበር። ገና በመጀመሪያው ጥይት ከአፈሙዙ እሳት ወጣ፤ አጠገባቸው ያሉት ተኳሾች ሁሉ ዞር አሉ። ጥቂት እንደተኮሱ ሽጉጡን አስቀምጠው አንጓቸውን ያዙ።

ልጃቸው ቤቲ "አባ፣ ፕሊስ፣ ስቶፕ አድርግ" አለች። ውድድሩን አቋርጠው ወጡ።

መኪና ውስጥ ይቅርታ ስጠይቃቸው "ባሩዱስ ጎበዝ ነው፤ የሰነፈው እጄ ነው" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተስ፣ አከብራለሁ ብላችሁ የጎዳችሁት ሰው የለም? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።

ማረሚያ፦ ትናንት በዚህ ገጽ "ጋሽ ኃይሉ ባሩዱን ወደውታል" ተብሎ የወጣው በስህተት ነው። "ጋሽ ኃይሉ ጨዋ ሰው ናቸው" ተብሎ ይታረም።